ውሻው ከእንግዲህ በውሃ ላይ አይሄድም

ሱቄ ምድር ቤት ነው፣ ከትራሙ ፌርማታ ማዶ፤
ደንበኛን የማውቀው በጫማው ነው፣ በመስኮቴ ልክ ሲያልፍ ወርዶ።
የዚያን ቀን ያየሁት ጫማ ግማሹ በረዶ፤
ከኋላው የልጅ መንሸራተቻ፣
በላዩ የብርድ ልብስ ጥቅል፣
እንደ ታመመ ሕፃን ተሸፍኖ ከራስ እስከ እግር፣
የሃያ አምስት ዓመት ኮምፒውተር።

«ሉዶሚር» አለኝ፣ እጁን እያሟሟቀ በትንፋሹ፣
«በሽቼቺን ወደብ ክሬን ስነዳ ነው ጸጉሬን የሸበተው ንፋሱ፤
አሁን ወደቤ ይኸው ነው፣ እዚህ ሣጥን ውስጥ የቀረው፤
ጥር በገባ ቁጥር ይሞታል፤ ምን እንደሚገድለው እንጃ ያስቸገረው።»

ጨዋታው «የወደቡ ሹም» ነው፣ ዱሮ በሲዲ የተሸጠ፤
መርከብ ታስገባለህ፣ ቀረጥ ትቆጥራለህ፣ ወንዙን እያየህ የሮጠ።
ወሩን የሚሰማው ከማሽኑ ሰዓት ነው፤ ጥር ብሎ በረዶ ሲሠራ፣
ስክሪኑ ሰማያዊ ለብሶ ቀጥ ይላል፣ አይመለስም ቢጠራ።
«ድሮ እስኪቀልጥ እንጠብቅ ነበር» አለኝ፣ «እኔና ሃልሽካ፤
ዘንድሮ ግን…»
አልጨረሰውም። ገመዱን በጣቱ ለካ።

መጠገኛ ነበረው፤ አንድ ነጥብ አንድ፣ ነጥብ ሁለት፣ ነጥብ ሦስት፤
በተራ ካልጫንካቸው አይተዋወቁም፣ እንደ ተኳረፈ ጎረቤት።
ሁለተኛው ጠፍቶ ነበር። ከቁም ሣጥኔ ግርጌ፣
ከመጽሔት ጋር በነጻ ከታደለ ዲስክ ውስጥ አገኘሁት ፈልጌ።
ጫንኩ። «ይህ ስሪት አይታወቅም» አለኝ። ነቀልኩ። ደግሜ ጫንኩ።
ጸረ ቫይረሱን አጠፋሁ፣ በአስተዳዳሪ ስም ገባሁ፣
ሰው የማልለምነው ሰውዬ ማሽን ለመንኩ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወንዙ ረጋ፤
ጨዋታው አልሞተም። ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ ሊነጋጋ።

ደስ ሲለኝ ነው የማስታወሻውን ገጽ የከፈትኩት፣ ማንም የማያነበውን፣
ጠጋኙ ከሥራው ማታ የዘረዘረውን፦

የወንዙ በረዶ ተስተካክሏል።
የቀረጡ ድምር ተስተካክሏል።
ውሻው ከእንግዲህ በውሃ ላይ አይሄድም።

ማን ይሆን የጣፈው? ጣፈ፣ እንደ ጸሐፊ በብዕሩ፤
ጣፈ፣ እንደ ልብስ ሰፊ፣ እራፊ ይዞ በመርፌ በክሩ።
ለደፋኝ ቀዳዳ ሁሉ ቀዳዳ ነው፣
ማን እንደሚመላለስበት የማይጠይቀው።

ሉዶሚር መጣ። ተቀመጠ። መነጽሩን ጠረገ።
ወንዙን አየ፣ በረዶውን አየ፤ ዓይኑ ግን ሌላ ፈለገ።
«ውሻውስ?»

«ሃልሽካ» አለኝ፣ «ዛሬ ዛሬ ስሜም ይጠፋታል፤
ማታ ግን ወንበር ስባ ከጎኔ ስትሆን፣
ያ ቡናማ ውሻ ማዕበል ረግጦ ጀልባውን ሲከተል
‹ደረሰ!› ትላለች። ቀኑን ሙሉ
ያላት ቃል እሱ ብቻ ነው።»

ሁሉንም ነቀልኩ። ከታች ጀመርኩ፣ ፋይልን ከፋይል እየለየሁ፤
በረዶውን ልውሰድ፣ ውሻውን ልተው ብዬ ሦስት ሌሊት አየሁ።
ገመዱ አንድ ነበር፤
ለካ ያ ውሻ በሐምሌም ቢሆን ወንዙ የረጋ ይመስለዋል፣
ስሕተቱን ያረምክ ቀን ይሰምጣል።

በመጨረሻ የሠራሁት የሌባ ዘዴ ነው፤
የማሽኑን ሰዓት ወደ ኅዳር መልሼ እዚያው አሰርኩት፤
ሲከፈትም ኅዳር፣ ሲዘጋም ኅዳር፣
ጥር የማይደርስበት አገር።
ክፍያዬ አንድ ብልቃጥ የኮመጠጠ ዱባ ቢጤ ነበር፤
ኪያር ነው አለኝ፣ ራሱ ያስቀመጠው።

በሳምንቱ ያው ጫማ በመስኮቴ አለፈ፤ ያው መንሸራተቻ።
«ምነው፣ ሞተ?»
«አልሞተም። ውሻው ይመጣል።
ግን ትናንት በመስኮት ወደ ውጭ አየች፣
ወደ ስክሪኑ ዞረች፣ ደግሞ ወደ ውጭ፤
‹እዚያስ ለምን በረዶ አይጥልም?› አለችኝ።
አራት ቃል!» አለ ሉዶሚር፣ አራት ጣት ዘርግቶ፣
«አራት ቃል ከየት አምጥታ!»

ምን እንደምመልስለት አላውቅም ነበር።
ገመዱን ከእጁ ተቀበልኩት፤
ብርድ ልብሱን ገልጬ፣ ብሎኑን ፈትቼ፣
አንድ ነጥብ አንድ ብዬ ጀመርኩት።